በወረቀቱ ላይ ያልተገኘችው የክርስትና ልጄ

እኛ የምንኖርበት ኡንተርሊደርባህ ድሮ ራሱን የቻለ መንደር ነበር። ጎረቤቱ ሆኽስት ዋጠው፤ ሆኽስትን ደግሞ ፍራንክፈርት ዋጠው። ይህን የነገረችኝ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጀርመናዊት መበለት ናት። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ አባቷም አያቷም ሆኽስት ያለው የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ነው ያረፉት። ዛሬም ወደ መሐል ከተማ ስትሄድ "ፍራንክፈርት ደርሼ ልምጣ" ትላለች። እኛስ የት ነው ያለነው ብዬ ብጠይቃት፣ "ፍራንክፈርት ነን የሚሉት እነሱ ናቸው" አለችኝ።

የሰፈሩን የምርጫ ታሪክም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ድሮ ድምፅ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። አባትየው የመረጠውን ልጅየው ይመርጣል፤ ሚስት ደግሞ ባሌ የመረጠውን መርጫለሁ ትልና የፈለገችውን ትመርጣለች። ምርጫው መጠጥ ቤት ጓሮ ስለሚካሄድ መምረጡ ለአፍታ፣ መቆየቱ እስኪመሽ ነበር። ከዚያ ጣልያኑ መጣ፣ ቱርኩ መጣ፣ ሞሮኮው መጣ፤ በመጨረሻ እኛና ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን መጣን። "መጀመሪያ ስትመጡ አትመርጡም ነበር፤ ወረፋው አጭር ነበር" ትለኛለች። ክፋት የላትም፤ ወረፋ አትወድም ብቻ።

የእኔ ትምህርት አጭር ነው። አገር ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ጀርመንኛውን የለመድኩት ዛይል መንገድ ላይ ያለ የልብስ መደብር ወለል ሳጸዳ ነው። ስለዚህ ጀርመንኛዬ "እግርዎን ያንሱልኝ" ለማለት በቂ ነው፤ ለቀረው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ዜግነት ያገኘሁት ጉልበቴ ካለቀ በኋላ ነው። አድልዎ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ቅርጫ ሲመደብ መደቡ እኩል ካልሆነ እጣ አይወጣም ብዬ፣ በሬውን ያረደውን ሰውዬ ቢላዋ እንደያዘ ያስቆምኩ ሴት ነኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከሰፈራችን ፊት ለፊት ትልቁ መንገድ አለ። ከወዲህ ቤታችን፣ ከወዲያ መድኃኒት ቤቱና ሐኪሙ ናቸው። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን አንድ እግርህን ታወርዳለህ፤ ሁለተኛውን ስታስከትል ቀይ ይሆናል። ወጣት ይሻገራል፤ እንደ እኔ ያለው መሐል ላይ ይቀራል። ከአንዲት ሞሮኳዊት ጎረቤቴ ጋር የተዋወቅሁት እዚያ መሐል መንገድ ላይ አብረን ቀርተን ነው። መኪናው እየጮኸብን ስለ ልጆቻችን ተጨዋወትን።

ይህን መብራት አስረዝማለሁ ብላ የተነሳችው የክርስትና ልጄ ናት። የአበልጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ አድጋ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ሆናለች። ሽማግሌ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ስታይ በሽተኛዋ ይመስላታል። ለከተማው አስተዳደር ጻፈች፤ መልስ መጣላት፤ መልሱ "ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን" ይላል። ደግማ ጻፈች፤ ደግመው አመሰገኑ። በዚህ ተናድዳ ለኦርትስባይራት ልወዳደር አለች። ኦርትስባይራት የሰፈር ሽማግሌዎች ጉባኤ በሉት፤ ልዩነቱ ሽማግሌዎቹ በድምፅ ይመረጣሉ። ስለ ጦርነት አይጠየቁም፤ ስለ መብራት፣ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ ውሻ ኩስ ይጠየቃሉ።

ፓርቲዋ ከዝርዝሩ ግርጌ አስቀመጣት። ግን እዚህ አንድ ሕግ አለ፤ መራጭ ለአንድ ሰው እስከ ሦስት መስቀል ማድረግ ይችላል። ከግርጌ ያለ ሰው በመስቀል ብዛት ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

"ድግስ ላይ ሦስት ጊዜ የሚያነሳ ሰው ምን ይባላል?" አልኳት።

"ሆዳም።"

"እንግዲያውስ።"

"እማማ፣ እዚህ ድግስ ላይ እኮ ለሁሉም ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ተፈቅዷል። የማያነሳው ይራባል እንጂ አይመሰገንም።"

አፌን አዘጋችኝ። ለሁሉም ከተፈቀደ ፍትሕ ነው።

እዚህ ላይ የስሟን ነገር ማውራት አለብኝ፤ ስሟን ግን አልነግራችሁም። ልጅቷ ሦስት ስም አላት። አንደኛው የቤት ስሟ ነው፤ ከአራስነቷ ጀምሮ ሁላችንም በእሱ ነው የምንጠራት፤ ቄሱም ሳይቀሩ። ሁለተኛው የክርስትና ስሟ ነው፤ ይህን የምናውቀው እናቷ፣ እኔ፣ ቄሱና እግዚአብሔር ነን። ሦስተኛው የፓስፖርት ስሟ ነው፤ እሱን የሚያውቀው የጀርመን መንግሥት ነው። በዚያ ላይ አስከትሎ የሚመጣው የአባቷ ስም አይደለም። እናቷ ጥገኝነት ስትጠይቅ "የቤተሰብ ስም?" ሲሏት፣ ከቤተሰቡ ታላቁ ማን ነው ብላ አሰበችና የአማቷን ስም ሰጠቻቸው። በምርጫ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ስም ነው የሚቀድመው። ስለዚህ የክርስትና ልጄ አገር ቤት በሞቱ፣ ማናችንም አይተናቸው በማናውቃቸው ሽማግሌ ስም ቀረበች።

የሚታደል ወረቀት አሳትማ ነበር፤ ከፊቱ ፎቶዋ፣ ከጀርባው ስሟና የዝርዝር ቁጥሯ። ጎበዝ ናት፤ ሁሉንም አስባ ነው። እኛ ምን አደረግን? ፎቶው አማረብንና ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፍነው። ስሟ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረ። እኔ ቤት፣ ጋሼ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኛው ሁሉ ቤት እንደዚያው። ጋሼ የምላቸው የማኅበራችን ታላቅ ናቸው፤ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ምርጫ ሲከራከሩ ኖረው፣ ይህ ዜግነት ካገኙ ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫቸው ነበር።

ከዚያ ከተማው አስመራጭ አጣ፤ ፈቃደኛ ካለ ይምጣ ተባለ። እጄን አወጣሁ። አበልጄ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"እሰይ፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለን በይኛ" አለች።

"ማንም የለሽም። የምሠራው ለሳጥኑ ነው።"

"ለሳጥኑ ክርስትና አንስተሻል እንዴ?"

"ለሳጥኑ ቃል እገባለሁ። ቃል ደግሞ ቃል ነው።"

ቀልድ መሰላት።

የተመደብኩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ነበር። በሩን በሰከንዱ ከፈተ፤ መራጭ ሲገባ እንደ ተሳፋሪ፣ ሲወጣ እንደ ወራጅ ነው የሚያየው። መጋረጃው ውስጥ የሚዘገየውን ሰው "ሌሎችም መሄድ አለባቸው" ይለዋል። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ መበለቷ ናት፤ ውሻዋን ይዛ። ውሻው መጋረጃ ውስጥ ይግባ አይግባ በሚል ደንቡ ተገለጠ፤ ስለ ውሻ ምንም አይልም። ስለማይል ገባ። ከዚያ ባልና ሚስት ሞሮኳውያን መጡ፤ እስከ በሩ እየተከራከሩ መጥተው፣ ለየብቻ መርጠው፣ ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ። ፒጃማ ለብሶ የመጣም ነበር።

አንዷ አስመራጭ ቅቤ የበዛበት ኬክ ጋግራ አምጥታ ዞረችብን። ዐቢይ ጾም ስለነበር እምቢ አልኩ። ቡና ከወተት ጋር አመጡልኝ፤ እምቢ አልኩ። ሰብሳቢው ለሌሎቹ "እንደዚህ ነው፤ ከማንም ምንም አትቀበልም" ሲል ሰማሁት። ጉቦ መስሎኝ የተውኩት መስሎታል። ላስረዳው ብል ጀርመንኛው ረዘመብኝ፤ ተውኩት።

ቅዳሴ ሲያበቃ ማኅበርተኞቻችን ከአውቶቡስ ወረዱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በጾም ከንፈራቸው እንደደረቀ፣ በሩን ሞልተው ቆሙ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና "ሠርግ አለ?" አለኝ። "መራጮች ናቸው" አልኩት። ከአጠገባቸው ደግሞ ጥገኝነት ጠይቀው ገና የሚጠባበቁ ልጆች ነበሩ። እነሱ ድምፅ የላቸውም፤ ስለዚህም ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። "ሦስት መስቀል፣ ሦስት መስቀል" እያሉ ሽማግሌዎቹን እስከ በሩ ሸኝተው ሰብሳቢው ሲያያቸው ዝም አሉ።

ጋሼ ከሁሉ ቀድመው መታወቂያቸውን ሰጡኝ።

"ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው።

"የማን?"

"እንዴት የማን ትይኛለሽ፤ የልጅሽ ነዋ።"

"ዛሬ ልጅ የለኝም ጋሼ። መታወቂያ ነው የማየው።"

"ምልክቷስ ምንድን ነው?"

"እዚህ ምልክት የለም።"

"እንዴት አይኖርም? ዝሆን የለ፣ ጃንጥላ የለ፣ ሰው በምን ይለያል?"

"ዝሆን አልተወዳደረም። ወረቀቱ ላይ ስም አለ፤ አንቱ ደግሞ ማንበብ ያውቃሉ። ማንበብ ባያውቁ ረዳት ይፈቀድልዎት ነበር።"

"ስለተማርኩ ልቀጣ ነው?"

ከኋላ ያሉት መነጫነጭ ጀመሩ። አንዷ ለአበልጄ ስልክ ደወለች፤ አበልጄ በፖስታ መርጣ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልኳ መቆለፊያ ውስጥ ነው። ለእጩዋ ደወሉ፤ እጩዋ ያን እሑድ ተረኛ ናት፤ በሽተኛ እያገላበጠች ስልክ አታነሳም። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አሉኝ ጋሼ።

"ጾም ነው ጋሼ፤ አልበላም።"

ሰብሳቢው መጣ። "ችግር አለ?" አለ።

"የለም። ስለ ዝሆን እየጠየቁኝ ነው።"

ደንቡን የያዘ እጁን አየሁት፤ ሊገልጠው አስቦ ተወው።

እውነቱን ልናገር፤ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ገልብጬ አንብቤዋለሁ፤ ስገባም የራሴን ሦስት መስቀል አድርጌላታለሁ። ግን ያን ጠረጴዛ ይዤ ለአንዱ ከነገርኩ፣ ነገ ሌላው አስመራጭ በራሱ ቋንቋ ለራሱ ሰው ይነግራል። እኔ ደግሞ እንዲያ ሲሆን አይቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ እነሱም አንድ በአንድ መጋረጃው ውስጥ እየገቡ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከመጋረጃው በታች ነጠላና ጫማ ብቻ ይታያል። ሰብሳቢው እንደዚያ የዘገየ መስመር አይቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገር ነበር።

ምርጫው ተዘግቶ ሳጥኑ ተገለበጠ። ጥርት ያሉትን ወረቀቶች ለየን፤ አጠራጣሪዎቹን አንድ ላይ ከመርን። ሰብሳቢው ከክምሩ አንዱን አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው።

"ይህ ምንድን ነው፣ ሥዕል ነው?"

ሥዕል አልነበረም፤ የእኛው ፊደል ነበር። ከልጅቷ ፓርቲ ዝርዝር ግርጌ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የቤት ስሟ ተጽፎ ሦስት መስቀል ተደርጎለታል። ሌላው ላይ "ረጅሟ ነርስ፣ ያቺ የእኛዋ" ይላል። ሦስተኛው ላይ እውነትም ሥዕል ነበር፤ ዝሆን፣ ከነኩምቢው፣ ሦስት መስቀል ጀርባው ላይ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ድምፅ ምስጢር ነው። መስመሩ ግን የመሐንዲስ መስመር ነበር።

እነዚህን አነበብኩለት፤ በወረቀቱ ላይ ያልታተመ ሰው አይመረጥም፤ ተሰረዙ። የከበደኝ የመጨረሻው ነው። አንዱ መራጭ ስሟን አግኝቷል። ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ቀጥ ያሉ ሦስት መስቀሎች። ከጎናቸው ግን በትንንሽ ፊደል "እግዚአብሔር ያሳድግሽ" ብሎ ጽፏል።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየኝ። "ብዕሩን ሲሞክር የጫረው ይሆን?" አለኝ። ደግ ሰው ነው። የመዋሻ በር ከፈተልኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ፊደል የሚያነብ ሌላ ሰው አልነበረም።

"አይደለም" አልኩ። "ምርቃት ነው።"

"ምርቃት ማለት?"

"መልካም ምኞት። ለተመረጠችው።"

አንገቱን ነቀነቀ። ከመስቀል ሌላ የተጨመረ ጽሑፍ ድምፁን ያበላሻል አለ። ያኔ ተነሳሁ። "ስድብ ቢሆን ይገባኛል፤ ምርቃት እንዴት ያበላሻል? እኛ አገር ምርቃት የሌለው ነገር ነው የሚበላሸው" አልኩት። ጀርመንኛዬ ባጠረበት ቦታ ድምፄን ጨመርኩ። ሰብሳቢው አዳምጦኝ ጉዳዩን ለአስመራጮቹ አቀረበ፤ እጅ ወጣ። ኬክ የጋገረችዋ ከእኔ ጋር ሆነች፤ ሌሎቹ ከደንቡ ጋር። በድምፅ ተሸነፍኩ። በድምፅ ከተሸነፍኩ ምን እላለሁ? ፈረምኩ።

የየጣቢያው ድምፅ ሁሉ ተቆጥሮ ሲያልቅ የክርስትና ልጄ ከግርጌ ተነስታ ብዙ ሰው አልፋ ወጣች፤ ግን ወንበሩ ሊደርሳት ሲል አለቀ። ተጠባባቂ ሆነች። ከፓርቲዋ የገባው ሰውዬ ቢለቅ የምትገባው እሷ ናት።

አበልጄ ለሰላምታ ጉንጯን ነፈገችኝ። "እጅሽ ላይ የተጠመቀች ልጅ እጅሽ ላይ ወደቀች" አለችኝ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ ራሷ እቤቴ መጣች። ከማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ፎቶዋን አየችና በጀርመንኛ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ "እማማ፣ ትክክል ነው ያደረጉት። በጣም ተናድጃለሁ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ" አለችኝ። ምግብ አቀረብኩላት፤ እየተናደደች በላች።

ከዚያ በኋላ ማኅበርተኞቻችን አንድ እንግዳ ጠባይ አመጡ። ወንበሩን የያዘው ሰውዬ ድሮ ብስክሌት ይጠግን የነበረ የሰፈሩ ሽማግሌ ነው። እሱን መንገድ ላይ ባዩት ቁጥር ጤናውን መጠየቅ ጀመሩ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ደም ግፊትዎስ? ጋሼ ደግሞ ስለ ስፔን ባሕር ዳርቻ አየር ጠባይ ያስረዱታል፤ ለጡረተኛ እንዴት እንደሚስማማ።

"ጋሼ፣ ይህ ጸሎት ነው እርግማን?" ብላቸው፣

"ሞት አልተመኘሁለትም፤ ፀሐይ ነው የተመኘሁለት" አሉኝ።

አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤት ስመለስ ሰውየውን እዚያው መብራት ላይ አገኘሁት። ጉልበቱን ታስሮ ምርኩዝ ይዟል። አረንጓዴ ሆነ፤ ክንዴን ሰጠሁት፤ ወረድን። መሐል ላይ ስንደርስ ቀይ ሆነ። መኪናው ጮኸ።

"የናንተ ሰዎች በጣም ደጎች ናቸው" አለኝ። "ሁልጊዜ ጤናዬን ይጠይቁኛል።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ሰውየው ያልሆነውን እያመነ ሊኖር ነው። "ጤናዎን አይደለም፤ ወንበርዎን ነው የሚጠይቁት" አልኩት።

መኪና ግራና ቀኝ እያለፈን፣ ሰውየው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ መብራቱን ቀና ብሎ አየ።

"ይህ መብራት ግን አጭር ነው" አለ።

"ስንት ጊዜ ተመርጠዋል?"

"ብዙ ጊዜ። እኔ እኮ በብስክሌት ነበር የማልፈው።"

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን አነሳው፤ ተጠባባቂዋንም ጠርቶ ከጎኑ አስቀምጦ እንድታስረዳ አደረገ። በስንት ልመና መብራቱ ረዘመ። አሁን እኔም፣ ሞሮኳዊት ጎረቤቴም ከዳር እስከ ዳር እንሻገራለን፤ ወሬያችንን የምንጨርሰው ማዶ ቆመን ነው። አበልጄም መንገዱን ተሻግራ መጥታ ጉንጯን ሰጠችኝ፤ አንዱን ብቻ። ቅር ያለው ማኅበሩ ነው፤ ሰውየው ደግ ሆኖ ተገኘና ፀሐይ መመኘቱ ከበዳቸው።

ልጅቷ በሚቀጥለውም እወዳደራለሁ ብላለች። ስለዚህ በማኅበሩ ወሰንን፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው በቤት ስሟ አይጠራትም፤ በፓስፖርት ስሟ ብቻ፣ ያውም የቤተሰቡን ስም አስቀድሞ። ቄሱም ተስማሙ። ያለፈው እሑድ በግቢው ውስጥ ስታልፍ ጋሼ ተነስተው በሙሉ ድምፃቸው ያንን ስም ጠሩ። አልዞረችም። እኔም ጠራሁ። እናቷ ጠራች። ልጅቷ መንገዷን ቀጠለች። ከአጥሩ ማዶ ግን አንድ የማናውቀው ጀርመናዊ ቆሞ፣ ማንን ነው የምትጠሩት በሚል ዓይን ተመለከተን።